የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቱን እንዴት ይመርጣል፣ እንዴትስ ያስተዳድራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት አንባቢዎች፣ መጽሐፍ ለጋሾችና ለሥራው አዲስ የሆኑ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከወመዘክር በምን ይለያል?

በተለምዶ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ዋና ኃላፊነቱ በአገሪቱ የታተመውን ሁሉ ሰብስቦ ለሚመጣው ትውልድ ማቆየት ነው። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረትም ከሚታተመው ሥራ ሁሉ ቅጂ ወደዚሁ ተቋም ይገባል። እዚያ መጽሐፉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ፣ አንባቢ አለው ወይስ የለውም የሚል ጥያቄ አይነሳም፤ መታተሙ ይበቃል።

የወረዳ፣ የክፍለ ከተማ ወይም የከተማ ቤተ መጻሕፍት ግን ጥቂት ክፍሎችና ውስን በጀት ይዞ በአካባቢው የሚኖረውን ሰው የሚያገለግል በመሆኑ መምረጥ ግዴታው ነው። አንድ መደርደሪያ የያዘው መጽሐፍ የሌላውን መጽሐፍ ቦታ ወስዷል። ስለ መረጣ፣ ስለ ልገሳና ስለ ማስወገድ የሚነሳው ክርክር በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መጻሕፍቱን የሚመርጠው ማን ነው?

የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይም አነስተኛ የመረጣ ኮሚቴ ሲሆን፣ ኮሚቴው በየክፍሉ ከሚሠሩት ባለሙያዎች ሌላ ከአካባቢው ትምህርት ቤት አንድ መምህርና ቢቻል አንድ የአንባቢዎች ተወካይ ቢያካትት መልካም ነው። ግዢውን የሚፈጽመው ደግሞ የግዢ ክፍሉ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱ ሥራዎች ሲምታቱ ነው። የግዢ ክፍሉ «500 ልዩ ልዩ መጻሕፍት» ብሎ ጨረታ ቢያወጣ፣ አሸናፊው አቅራቢ በመጋዘኑ የተኛውን ስስ ጥራዝ በዝቅተኛ ዋጋ ማስረከቡ አይቀርም፤ ሕግም አልጣሰም።

ስለዚህ ባለሙያው ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ የኅትመት ዓመቱንና የሚፈለገውን የቅጂ ብዛት፣ ካለውም ዓለም አቀፉን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር በዝርዝር ጽፎ ከጨረታ ሰነዱ ጋር ማያያዝ ይኖርበታል። መለያ ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ 13 አኃዝ ያለው ሲሆን፣ ከ978 ቀጥሎ 99944 የሚል ከሆነ የኢትዮጵያ ኅትመት መሆኑን ያመለክታል፤ ይሁንና በደራሲው ወጪ ከሚታተሙት የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ቁጥሩ የላቸውም። በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ዝርዝሩ ቀደም ብሎ በኅዳርና በታኅሣሥ ካልተሰናዳ ግዢው በሰኔ ጥድፊያ ይፈጸማል፤ በሰኔ ጥድፊያ የተገዛ መጽሐፍ ደግሞ ከይዘቱ ይልቅ ደረሰኙ የታሰበበት ነው።

መጽሐፍ የሚመረጠው በምን መስፈርት ነው?

የመጀመሪያው መስፈርት መጽሐፉ ሳይሆን አካባቢው ነው። ነጋዴ የሚበዛበት ሰፈር የሒሳብ አያያዝ፣ የግብርና የንግድ ሕግ መጻሕፍት ይፈልጋል፤ በገጠር ቀበሌዎች የተከበበች ትንሽ ከተማ የንብ ማነብና የዶሮ እርባታ መጻሕፍት ያስፈልጓታል፤ ሁለትና ሦስት ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ በአማርኛ ብቻ የተሞላ መደርደሪያ ግማሹን ነዋሪ ከበር የሚመልስ ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካስቀመጧቸው አምስት ሕጎች ሁለቱ፣ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱም መጽሐፍ አንባቢው እንዲገኝለት ያዝዛሉ። መራጩ ከባዱን ድርሻ የሚያገኘው በሁለተኛው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የጸሐፊው የሙያ ብቃት፣ የመረጃው ወቅታዊነት፣ የቋንቋው ጥራት፣ ዋጋውና የጥራዙ ጥንካሬ ይታያሉ። አዳዲስ የአማርኛ መጻሕፍትን እየተከታተለ የሚገመግም መደበኛ መጽሔት ባለመለመዱ ባለሙያው መጻሕፍት መደብሮችንና አውደ ርዕዮችን በእግሩ ዞሮ፣ መጽሐፉን ገልጦ ማየት አለበት። በሽፋኑ ጀርባ የታተመ ምስጋና መስፈርት አይሆንም፤ ጓደኛ ለጓደኛው የጻፈው ነውና።

ስንት መጽሐፍ ሲኖር ነው በቂ የሚባለው?

ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ኢፍላ፣ ባወጣው የአገልግሎት መመሪያ በጣም ትንሹ የአገልግሎት ጣቢያ እንኳ ከ2,500 በታች እንዳይኖረው ይመክራል። ቁጥሩ ለበጀት ክርክር ይጠቅማል፤ ከዚያ አልፎ ግን ሊያታልል ይችላል። 10,000 መጻሕፍት ይዞ 8,000ው የማይነካ ቤተ መጻሕፍት፣ 3,000 ይዞ ሁሉም ከሚገለጡለት ያነሰ ነው።

የምፈልገው መጽሐፍ ከሌለ እንዲገዛልኝ መጠየቅ እችላለሁ?

ይቻላል፤ መጠየቅም ይገባል። ርዕሱንና ደራሲውን ጽፈው ለባለሙያው ይስጡ፣ መጽሐፉን ለምን እንደፈለጉት አንድ መስመር ቢጨምሩ ደግሞ ለኮሚቴው ትልቅ እገዛ ነው። ጥያቄው ግዢውን አያረጋግጥም፣ መልስ የማግኘት መብት ግን ይሰጣል፤ «በጀት የለም»፣ «ከገበያ ጠፍቷል» ወይም «ከመስፈርታችን ውጭ ነው» የሚል ግልጽ መልስ ሊደርስዎት ይገባል። ለባለሙያውም ቢሆን የተጠየቁ ግን ያልተገኙ መጻሕፍት የሚመዘገቡበት አንድ ደብተር ከማንኛውም መጠይቅ የተሻለ የአንባቢን ፍላጎት ያሳየዋል።

አብዛኛው ተጠቃሚ ተማሪ ከሆነ ለምን የመማሪያና የፈተና መለማመጃ መጻሕፍት ብቻ አይገዙም?

በአገራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወንበር የሚሞላው በአብዛኛው ተማሪ ነው፤ ብዙዎቹም የሚመጡት የራሳቸውን ደብተር ይዘው ጸጥታና መብራት ፍለጋ ነው። ይህ በራሱ ትልቅ አገልግሎት ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን በጀቱ በሙሉ ወደ መማሪያ መጽሐፍ ከሄደ ሥርዓተ ትምህርቱ በተለወጠ ቁጥር ስብስቡ አብሮ ይወድቃል። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የሆነው ይኸው ነው፤ የቀድሞዎቹ የተማሪ መጻሕፍት ከነሙሉ መደርደሪያቸው ዋጋ አጡ።

ተማሪው የሚፈልገውን በመጠኑ ማሟላት፣ ከዚያ ጎን ደግሞ ትምህርት ቤት የማይሰጠውን ልቦለድ፣ ታሪክ፣ የሕይወት ታሪክ፣ የሙያና የሕፃናት መጽሐፍ ማስቀመጥ ሚዛናዊው መንገድ ይመስለኛል። ወላጆቹን ተከትሎ የሚመጣ የአምስት ዓመት ሕፃን የሚያነሳው መጽሐፍ ካጣ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርስ ተመልሶ አይመጣም።

መጽሐፍ ብለግስ ሁሉንም ትቀበላላችሁ?

ሁሉንም የሚቀበል ቤተ መጻሕፍት ብዙም ሳይቆይ መጋዘን ይሆናል። ሕዝብ ሲጠየቅ እንደሚሰጥ ደጋግሞ አሳይቷል፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በተከፈተበት በ2014 ዓ.ም. ለእርሱ የተካሄደውን መጽሐፍ የማሰባሰብ ዘመቻ ማስታወስ ይበቃል። ነገር ግን በስጦታ የመጣ መጽሐፍ ነጻ አይደለም፤ መለየት፣ መመዝገብ፣ መለጠፍ፣ ቦታ መስጠትና ከአቧራ መጠበቅ ወጪ ነው። ስለሆነም ስጦታው የሚመዘነው በግዢ መስፈርት ነው፤ ገንዘብ ኖሮን ብናገኘው እንገዛው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ አብዛኛውን ያጠራዋል። ከውጭ አገር በሳጥን የሚላኩት ላይ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የሌላ አገር የአራተኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስ ወይም የ20 ዓመት የኮምፒውተር መማሪያ፣ የባሕር ማጓጓዣ ተከፍሎበት ቢመጣም ለጎንደር ወይም ለአዳማ ልጅ የሚጨምርለት የለም።

ለጋሹ በቅድሚያ ዝርዝሩን ቢያሳይ፣ ቤተ መጻሕፍቱም የተረከበው መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ የራሱ እንደሚሆንና የማይፈልገውን ለሌላ ሊያስተላልፍ እንደሚችል የሚገልጽ አጭር ስምምነት ቢያስፈርም በኋላ ቅሬታ አይመጣም። «የአባቴ መጻሕፍት ሳይነጣጠሉ በስሙ በተሰየመ መደርደሪያ ይቀመጡ» የሚለው ልመና ልብ ይነካል፤ ሆኖም አንባቢ የሕግ መጽሐፍ የሚፈልገው ከሕግ መጻሕፍት ጋር ነው እንጂ በአቶ እገሌ መደርደሪያ አይደለም። በመጽሐፉ ውስጠኛ ገጽ የለጋሹን ስም የያዘ ወረቀት መለጠፍ ክብሩን ይጠብቃል።

በአንጻሩ ሳይታዩ መጣል የሌለባቸው አሉ። ከአረጋውያን ቤት የሚወጣ ሣጥን ውስጥ የድሮ አዲስ ዘመን ጥራዝ፣ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ፣ አንዳንዴም ብራና ይገኛል። የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ለእንዲህ ያለው የሚመጥን ጥበቃ ስለሌለው ለወመዘክር ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ማሳየት ይገባል፤ ብራና ከሆነ ደግሞ በቅርስነት መመዝገብ ያለበት ነው።

አዲስ መጽሐፍ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ እስኪወጣ ለምን ይዘገያል?

መጽሐፉ መጀመሪያ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት መረከቢያ ቅጽ ገቢ ይሆናል፤ ቀጥሎ በገቢ መጻሕፍት መዝገብ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በርዕስ ገጹና ቤተ መጻሕፍቱ በመረጠው አንድ የውስጥ ገጽ ላይ ማህተም ያርፍበታል፣ በይዘቱ ይመደባል፣ በካታሎግ (አንባቢ በሚፈልግበት የመጻሕፍት ማውጫ) ይገባል፣ ጀርባው ላይ የጥሪ ቁጥሩ፣ ማለትም በመደርደሪያው ላይ ያለውን ቦታ የሚያመለክተው ቁጥር፣ ይለጠፋል። ባለሙያው አንድ ከሆነና ያው ባለሙያ በር ላይም የሚቆም ከሆነ፣ 300 መጻሕፍት ወራት መፍጀታቸው አያስገርምም።

ምደባው በብዙ ቦታ የሚከናወነው አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጡት የአሥርዮሽ ሥርዓት ነው። በእርሱ የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ የአማርኛ ቋንቋ 492.87፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ነው። ሥርዓቱ የተወለደበትን አገር መልክ ይዟል፤ ከሃይማኖት ክፍሉ አብዛኛውን ለክርስትና ሰጥቶ እስልምናን በ297 ውስጥ ብቻ ስለሚያስቀምጠው፣ የሁለቱም እምነት አንባቢ ባለበት አገር አንዱ መደርደሪያ ሲጨናነቅ ሌላው ይሰፋል። ባለሙያው ይህን አውቆ ቦታውን በመጻሕፍቱ ብዛት ልክ ማከፋፈል እንጂ በቁጥሩ ስፋት መመራት የለበትም።

መጽሐፉ መኖሩን እያወቅሁ በካታሎግ ስፈልገው ለምን አላገኘውም?

አንደኛው ምክንያት ፊደላችን ነው። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ሐረግ ብንወስድ፣ በሁለቱ ሠ፣ በሁለቱ ጸ እና በሦስቱ ሀ ብቻ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል፤ ለኮምፒውተር ደግሞ 12ቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሞክሼ ፊደላቱን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጥር ፕሮግራም ካልተዘጋጀ፣ ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ወጥ አጻጻፍ መርጦ በሁሉም መዝገብ ላይ ሊጠቀምና በመፈለጊያው አጠገብ ለአንባቢው ሊያስታውቅ ይገባል። በሽፋኑ ላይ ያለው አጻጻፍም ሳይለወጥ በመግለጫው ይቀመጣል።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። የኢትዮጵያዊ መጠሪያ የራሱ ስም ስለሆነ ሀዲስ አለማየሁ የሚፈለጉት በ«ሀዲስ» ነው፤ የውጭውን ልማድ ተከትሎ የአባትን ስም ማስቀደም ትክክል አይደለም። ጥምር ስሞችም መከፈል የለባቸውም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ሥላሴ፣ ኅሩይ ወልደ» ብሎ መመዝገብ ሰውየውንም አባታቸውንም ማጥፋት ነው። «ብላቴን ጌታ»፣ «ዶክተር»፣ «ቀሲስ» የመሳሰሉት ማዕረጎች በመግለጫው ይጻፉ እንጂ የመፈለጊያ መነሻ አይሁኑ።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። «1996» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ መጽሐፍ የእኛ ዓመት ከሆነ በ2003 ወይም በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የሕግና የሕክምና መጻሕፍት በዓመታቸው ስለሚመዘኑ፣ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት የመረጣውንም የማስወገዱንም ሥራ ያበላሻል።

ለምን መጽሐፍ ወደ ቤት አታውሱም?

ብዙ ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ ብቻ ሆነው የቀሩት መጽሐፍ እንደ ጠረጴዛና እንደ ወንበር በንብረትነት ስለሚያዝ ነው። በሞዴል የተረከበው ሠራተኛ በዓመታዊ ቆጠራ የጎደለውን ከኪሱ እከፍላለሁ ብሎ ከፈራ፣ ለእርሱ ጥሩ መጽሐፍ ማንም ያልነካው ነው። እንዲህ ባለ ፍርሃት ውስጥ ያለን ባለሙያ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ መስተካከል ያለበት ደንቡ ነው።

በአገልግሎት ላይ ያለ ስብስብ በየዓመቱ የተወሰነ መጽሐፍ እንደሚጠፋበትና እንደሚያልቅበት በጽሑፍ ተቀብሎ መጠኑን መወሰን፣ ማጣቀሻዎችንና ብቸኛ ቅጂዎችን በአዳራሽ አቆይቶ ሁለትና ከዚያ በላይ ቅጂ ያላቸውን በመታወቂያና በዋስ ማዋስ ይቻላል። አጥፊው በገንዘብ ፋንታ ያንኑ መጽሐፍ እንዲተካ ማድረግ ደግሞ ገንዘቡ ወደ ሌላ ካዝና ሄዶ መደርደሪያው ባዶ እንዳይቀር ይረዳል።

መጽሐፍ ማስወገድ ነውር አይደለም?

ነውር የሚሆነው ያለ መስፈርትና በድብቅ ሲደረግ ነው። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ተዘጋጅቶ በሌላውም ዓለም የተለመደ መመሪያ ስድስት ምክንያቶችን ያነሳል፤ መጽሐፉ የሚያሳስት፣ ከጥገና በላይ የተጎዳ፣ በአዲስ የተተካ፣ እርባና የሌለው፣ ለአካባቢው የማይስማማ ወይም ከሌላ ቦታ በቀላሉ የሚገኝ ከሆነ ይወጣል። ከእነዚህ ሁሉ አስቸኳዩ የመጀመሪያው ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ የ1952ቱም የንግድ ሕግ አብዛኛው ክፍል በ2013ቱ ተተክተዋል፤ አሮጌዎቹ ያለ ምልክት በክፍት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ አንድ ሰው በሞተ አንቀጽ ተማምኖ ጉዳዩን ሊያበላሽ ይችላል። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ይጠቅማሉና አንድ ቅጂ «የተሻረ» ወይም «በከፊል የተሻረ» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ለብቻው ይቀመጣል።

ስድስቱ ምክንያቶች እንዳሉ የሚገለበጡ አይደሉም። መልኩ የከፋ የአማርኛ መጽሐፍ በድጋሚ ላይታተም ይችላል፤ ስለዚህ ገጹ ስለተቀደደ ብቻ መጣል ትልቅ ስህተት ነው፤ ጥረዛና ጥገና ይቅደም፣ ወመዘክር ቅጂው ይኑረው አይኑረውም ይጣራ። «ለሦስት ዓመት ማንም አላነበበውም» የሚለውም መለኪያ የሚሠራው ንባብ በሚመዘገብበት ቤት ብቻ ነው፤ አንባቢ ራሱ አንስቶ ራሱ በሚመልስበት አዳራሽ ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ቀሪው አስተዳደራዊ ነው። ባለሙያው ዝርዝሩን ከነምክንያቱ ያቀርባል፣ የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ ያጸድቃል፣ ከመዝገብም ከካታሎግም ይሰረዛል፣ መጽሐፉ ላይ የመሰረዣ ማህተም ያርፋል። ይህ ማህተም ከሌለ በማግስቱ በአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ዘንድ የተገኘው ቅጂ የተሰረቀ መስሎ ይታያል፤ የሕዝብ አመኔታ የሚጎዳውም በዚህ ነው።

በውጭ አገር ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍትን እንዴት ይመርጣሉ?

እንደ ሲያትል ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍት ክፍል አላቸው። እዚያ ያለው ችግር መራጩ ብዙውን ጊዜ ቋንቋውን አለማንበቡ ነው፤ ስለዚህ በአቅራቢው ዝርዝር ላይ ይደገፋል፣ ካታሎጉም ርዕሱን በላቲን ፊደል በተለየ ሕግ ስለሚጽፈው አንባቢው በለመደው አጻጻፍ ቢፈልግ አያገኘውም። በአካባቢው ያለ ሰው የርዕስ ዝርዝር ቢያቀርብ፣ መጻሕፍቱንም ደጋግሞ ቢዋስ ለውጥ ያመጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚወሰነው በተዋሰው ብዛት ነውና።

በሳን ፍራንሲስኮ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት የሠሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ መደርደሪያውን ለመሙላት ሲነሱ የአማርኛ የሕፃናት መጽሐፍ ማጣታቸው ራሳቸውን መጽሐፍ ወደ ማዘጋጀት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ ሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ወደ መክፈት አደረሳቸው። መራጭ የሚመርጠው ነገር ሲያጣም ጉዳዩ የመረጣ መሆኑ ያበቃል።

በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ አውርዳችሁ ለምን በኮምፒውተር አታስነብቡም?

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ፋይሉ ለሁሉም መድረሱ ፈቃድ አይሆንም፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ተቋም ደግሞ መጽሐፉን በራሱ ወጪ ያሳተመውን ደራሲ ገበያ ሊዘጋበት አይገባም። አዋጁ ለቤተ መጻሕፍት የተወሰነ ቀዳዳ ትቷል፤ የተጎዳን ወይም የጠፋን ቅጂ ለመተካት፣ መጽሐፉ በተገቢ ሁኔታ ከገበያ የማይገኝ ሲሆን ማባዛት ይቻላል። በ1931 ዓ.ም. እንዳረፉት እንደ ኅሩይ ያሉ ደራስያን ሥራዎች ዘመናቸው ስላለፈ በነጻ ሊነበቡ ይችላሉ፤ ሆኖም በቅርብ የተጨመረ መቅድምና ሐተታ የራሱ ባለመብት አለው።

አንድ መጽሐፍ ሃይማኖቴን ወይም ብሔሬን ይነካል፤ እንዲነሳ ብጠይቅ ይነሳል?

ቅሬታው በአክብሮት መሰማት አለበት፤ መጽሐፉ ግን በቅሬታው ቀን አይነሳም። ኢፍላና ዩኔስኮ በጋራ ያወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሻሻለውና በ2022 የታደሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ ስብስቡ ለርዕዮተ ዓለም፣ ለፖለቲካም ሆነ ለሃይማኖት ተጽዕኖ እንዳይገዛ ይጠይቃል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ደግሞ የቅድሚያ ምርመራን ይከለክላል። መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ መኖሩ ቤተ መጻሕፍቱ በሐሳቡ ተስማምቷል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ወንጀል ስላደረገ፣ ያስከፋ ጽሑፍና ሕግ የጣሰ ጽሑፍ በአንድ ዓይን አይታዩም፤ ሁለተኛውን የሚለየው ፍርድ ቤት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፤ ቅሬታ አቅራቢው ገጹንና ምክንያቱን በጽሑፍ ያቀርባል፣ መጽሐፉን ሙሉውን አንብቦት እንደሆነም ይጠየቃል፤ ኮሚቴው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አስቀድሞ ከጸደቀው የመረጣ መመሪያ ጋር ያመዛዝናል፤ በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል። እስከዚያ መጽሐፉ በቦታው ይቆያል። ውጤቱ ማስወገድ ብቻ አይደለም፤ ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ክፍል ማዛወር ወይም የተቃራኒውን ወገን መጽሐፍ ገዝቶ አጠገቡ ማስቀመጥም ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ቅሬታው ከአንባቢ ሳይሆን ከባለሥልጣን በስልክ ሲመጣ ነው። በጽሑፍ የጸደቀ መመሪያ የሌለው ባለሙያ በዚያች ቅጽበት ብቻውን ነው፤ ያለው ግን «ጥያቄዎን በቅጹ ላይ ይሙሉልን» ብሎ መመለስ ይችላል።